የአቃቂ ዝናብ፣ የአዳማ አቧራ

እኔ መጠበቅ የሚባል ነገር አልችልም። ሲፈጥረኝ እንዲህ ነኝ። እናቴ «ይህ ልጅ ሆዴ ውስጥ ዘጠኝ ወር እንዴት እንደቆየልኝ እግዜር ይወቀው» ትል ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ባቡር ጣቢያ አስቀምጦ «ስልክ ጠብቅ» ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ አዳማ ናዝሬት ሳትባል፣ እንጀራዬ ግን ይኸው ነበር። ባቡሩ ከወዲያኛው ጣቢያ ሊነሳ ሲል ይደወልልኛል፤ መንገዱ ባዶ ነው ብዬ እመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ ነፋሱን እያዳመጡ መቀመጥ ነው።

የስልኩ ሽቦ ለጣቢያው ሁሉ አንድ ስለነበር አንዱ ሲያወራ ሌላው ይሰማል። ጠዋት ጠዋት አለቆቹ ሳይነሱ እኛ ስልከኞቹ እንጨዋወታለን። በስም አንጠራራም፤ የምንጠራራው በጣቢያችን ነው። እኔ አዳማ ነኝ። ከሁሉ የምወዳቸው ሁለቱ አቃቂና አዋሽ ነበሩ። አቃቂ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፤ አማርኛው እንደ እኔው ነው፤ ብቻ ሲሞቀው ሁለቱን ቋንቋ ባንድ ትንፋሽ ይደባልቀዋል። አዋሽ ደግሞ የወሎ ሰው፣ እስላም፣ ቢነድድ የማይቸኩል ሰው ነው። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ድምፁን ግን ከሺህ ድምፅ እለየዋለሁ።

ጨዋታችን ሁልጊዜ የሰማይ ነገር ነው፤ በተለይ ሰኔ ሲገባ።

«አቃቂ፣ እንዴት አደርክ?»

«ኧረ ብርድ ጨረሰን! ጉሙ ጣቢያው ውስጥ ገብቶ ቲኬት ሊቆርጥ ምንም አልቀረው።»

«አዋሽ አንተስ?»

«እኔማ ሸሚዜን አውልቄ ነው የማናግራችሁ። አንድ ካፊያ እንኳ በሽቦው ብትልኩልኝ ምን አለበት?»

«አዳማስ?»

አዳማ ምን አላት? አቧራ ነዋ! ሰኔ ሙሉ ነፋሱ አቧራውን ከመሬት እያነሳ አፋችን ውስጥ ይከተዋል፤ ዳመናው ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ ጥሎን ይሄዳል። እነሱ ሲስቁብኝ እኔ እናደዳለሁ፤ አቃቂ ስለ ጭቃው ሲያማርር ደግሞ «ጭቃ ሲጠሉ ዝናብ ከየት ይመጣል?» ብዬ እጮህበታለሁ። እንዲህ ነው ቀኑ የሚገፋልን።

በዚያ ዓመት ግን ለእኔ የሰማይ ወሬ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ሚስቴ አርግዛ ነበር፤ በኩሯ ነው። የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ የእሷ እናት ቤት ደግሞ ከአዋሽ ወንዝ ማዶ፣ አርሲ በኩል ነበር። ግንቦት ላይ ውሃው ከጉልበት ሳያልፍ በመልካው አሻገርኳት። መልካ የምንለው በእግር የሚሻገሩበትን የወንዝ በር ነው። ማዶ ቤት አድርሻት ልመለስ ስል እጄን ያዘች። ታላቅ እህቷ በወሊድ ነበር የሞተችው።

«ወንዙ ሳይሞላ ድረስልኝ» አለችኝ። «ክፉ ነገር ቢመጣ እንኳ ሳላይህ አይሁን።»

ማልኩላት። ደግሞ በማን! በእናቴ አጥንት።

አሁን ጣጣውን ስሙ። የጣቢያው ሹም የሰጠኝ ፈቃድ ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ። «ቀኑን አንተ ምረጥ» አለኝ፤ ደግ ያደረገልኝ መስሎት። አዋላጆቹ ሐምሌ መባቻ ላይ ነው ብለዋል። ቀድሜ ብሄድ ሳትወልድ ተመልሼ እመጣለሁ፤ ብዘገይ ወንዙ ይዘጋብኛል፤ ከተዘጋ ደግሞ እስከ መስከረም ነው። የአዳማን ሰማይ አይቶ መወሰን አይቻልም። የእኛ ወንዝ የሚሞላው በእኛ ዝናብ አይደለማ! አቃቂና ከአቃቂ ወዲያ የዘነበው ነው ሁለት ሦስት ቀን ተጉዞ የሚመጣው። አዳማ አቧራዋን እየቃመች ወንዟ ከብት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ዓይኔ አቃቂ ላይ ነበር። ዓይኔ ስል ጆሮዬ ማለቴ ነው።

ጠዋት ስልኩን አነሳለሁ፤ «ክረምቱስ?» እላለሁ። ባቡር ሲያልፍ አነሳለሁ፤ «ክረምቱስ?» እላለሁ። አዋሽ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ክረምት እንኳ እንዲህ ስትጠራው ሰምቶ ይደነግጣል» ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍም ምግብም የለኝም። እየወጣሁ ምዕራቡን አያለሁ፣ እገባለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ሽቦው ክፉኛ ተንጫጫ። ነፋስ ነው ብዬ ናቅሁት። እጀታውን እስኪያልበኝ አዞርኩት።

«አቃቂ! አቃቂ! ክረምቱስ?»

ከብዙ ጩኸት ውስጥ ድምፁ መጣልኝ። «ገና ነው! ወንድሜ፣ ገና ነው!» አለኝ። ከዚያ ሽቦው ጸጥ አለ።

ተመስገን አልኩ። አዋሽም መስመሩ ላይ ሆኖ ሰምቶ ነበርና «ገና ነው ካለህ እንግዲህ አንድ ሳምንት እንኳ ተኛ፤ እኛም እንረፍ» አለኝ። ወደ ሹሙ ሮጥኩና «የዛሬ ሳምንት ነው የምሄደው» አልኩት። ሳምንቱ ካለፈ ልክ ምጧ ላይ እደርሳለሁ ብዬ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ በዚያ ቀን እንደ ሳቅሁት ስቄ አላውቅም።

በማግስቱ አቃቂ አይሰማም። በሠልስቱም የለም። ሞጆ ያለው ስልከኛ «ወዲያ በኩል ሽቦው ወድቋል፤ ሰዎች ሊያነሱ ሄደዋል» አለኝ። ወደ ማምሻው ላይ በምዕራብ በኩል ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ጠቁሮ መብረቅ ሲያብለጨልጭ አያለሁ። ልቤ እምቢ አለኝ። ግን ሰውዬው ራሱ ካለበት ቦታ ሆኖ «ገና ነው» ብሎኝ የለ? እኔ ከሩቅ አይቼ ከእሱ በላይ ላውቅ ነው? እያልኩ ራሴን እገሥጻለሁ።

ሽቦው የተቀጠለ ዕለት የመጀመሪያው ደዋይ እኔ ነበርኩ።

«አቃቂ! ምነው ጠፋህ? ክረምቱ ገባ እንዴ?»

«ምን ነካህ? ነግሬህ አልነበረም? ምሰሶው ሳይወድቅ በፊት እየጮህኩ ነገርኩህ!»

«ያልከኝማ ገና ነው ነው።»

«አዎና! ገና ነው!»

«ገና ከሆነ ታዲያ ምሰሶውን ምን ጣለው?»

«ገናው ነዋ የጣለው! ኧረ ምን ሆነሃል አንተ? በእናንተ ክረምት፣ በእኛ ገና! እየዘነበ ነው፣ ቤቱ በላያችን ሊፈርስ ነው ማለቴ ነው! አልሄድክም እንዴ እስካሁን?»

ቃሏን አላውቃትም አልልም። አዳማ ገበያ ውዬ እያደርኩ በኦሮምኛ ገና ማለት ክረምት መሆኑን እንዴት አጣዋለሁ? ጠበቅ፣ ረገጥ አድርጎ ነው የሚላት፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጩኸት አላልቼ፣ አማርኛ አድርጌ ሰማኋት። ጆሮ የፈለገውን ነው የሚሰማው። ያኔ ግን ይህን ሁሉ የማሰላሰል ትዕግሥት ከየት ይምጣ? በስልኩ ያልወረወርኩት ስድብ የለም። አቃቂም አልተወኝ፤ «ቋንቋ የማታውቅ ከሆነ ለምን ከሰው ትጠይቃለህ!» ብሎ ጮኸብኝ።

በመካከላችን የገባው አዋሽ ነው። ድምፁ እንደወትሮው ቀዝቃዛ አልነበረም።

«አዳማ፣ እኔ ልንገርህ» አለኝ። «ዛሬ ጠዋት ውሃው ቀይ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ በድልድያችን ሥር አልፏል። እኔ ጋ ከደረሰማ ያንተን መልካ ካለፈ ቆይቷል።»

ሹሙን አላስፈቀድኩም፤ «ሄጃለሁ» ብዬው ወጣሁ። የሰው በቅሎ ለምኜ አቧራው ዓይኔን እያጠፋኝ ወደ ወንዙ ገሰገስኩ። ከላዬ ጠብታ የለም። ሰማዩ ሰማያዊ ነው። የወንዙን ድምፅ ግን ሳላየው ከሩቅ ሰማሁት።

መልካው የለም። ግንቦት ላይ ሚስቴ ጫማዋን በእጇ ይዛ የተሻገረችበት ቦታ ላይ ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ይሽከረከራል። ከብት ሊያጠጡ የመጡ ሰዎች ከዳር ቆመው ያያሉ። በቅሎዋን ወደ ውሃው ነዳኋት፤ እሷ ከእኔ ትሻላለች፣ እምቢ አለች። ወርጄ ልገባ ስል አንዱ ከኋላ በኩታዬ ጎተተኝና «ልጅ ሊወለድልህ ነው ወይስ ልትቀበር?» አለኝ። ለካ እየጮህኩ የመጣሁበትን ነገር ሁሉ ነግሬያቸው ኖሯል።

ማዶ ሰው አየሁ። የሚስቴ አጎት ናቸው፤ በነጭ ጋቢያቸው አወቅኋቸው። እንደምመጣ ያውቁ ስለነበር መልካው ድረስ ወርደው ይጠብቁኝ ኖሯል። አፋቸው ሲከፈት ይታየኛል፤ ቃሉን ወንዙ ይበላዋል። እኔም «ደህና ናት? ደህና ናት?» እላለሁ፤ ለራሴ እንኳ አይሰማኝም። በትራቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው ነቀነቁ። ምን ማለታቸው ነው? ጦር መስበቃቸው ነው፣ ወንድ ተወለደ ለማለት? ወይስ ተመለስ፣ ውሃው ይወስድሃል ነው?

ከዚያ ሴቶች ከቁጥቋጦው ወጥተው አጠገባቸው ቆሙ፤ እጃቸውንም ወደ አፋቸው ወሰዱ።

እልልታ! የመጀመሪያውን ሰማሁት፤ ሁለተኛውን ሰማሁት። ሬሳ ባለበት ቤት እልል አይባልም፤ ሚስቴ ተርፋለች ማለት ነው! ተንበርክኬ መሬቱን ሳምኩ። በእኛ አገር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ ነው እልል የሚባለው። ልቆጥር ቀና ስል ግንዱ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ወንዙ አገሳ፤ ነፋሱም ዞረ። ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው እንደሸፈኑ ናቸው፤ ሦስት ይሁን ሰባት ይሁን አላወቅሁም። አጠገቤ የቆሙትን ጠየቅኋቸው። አንዱ ሦስት ነው አለኝ፤ አንዱ «ኧረ አላባራም ነበር» አለኝ። ማዶ ያሉት እጃቸውን አውለብልበው ወደ ቤታቸው ወጡ። ሹሙም ያንን ቆጥሮብኝ ፈቃዴ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሐምሌና ነሐሴ እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ሰው የማን አባት እንደሆነ ሳያውቅ አባት ይሆናል? ስልኩ ላይ ወሬው ሁሉ ይህ ሆነ። አዋሽ «ወንድ ነው፣ ኢንሻ አላህ» ይለኛል፤ ሞጆም ጣልቃ ገብቶ «ወንድ ያርግልህ» ይላል። አቃቂ ብቻ ነበር የገባው። አንድ ጠዋት ዝቅ ባለ ድምፅ «ሴት ትሁንልህ» አለኝ።

ሌላው ሳቀበት። እኔ ግን አመሰገንኩት። ወንድ ከሆነ ክርስትናው በአርባ ቀን ነው፤ ወንዙ እንደሞላ፣ እኔ በሌለሁበት፣ ስሙን ሌላ ሰው አውጥቶለት ያልፋል። ሴት ከሆነች ግን ሰማንያ ቀን ነው፤ ሰማንያ ቀን መስከረም ውስጥ ይገባል። አዳማ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ «ጌታዬ፣ ሴት አርጋት» ብዬ ስለምን አጠገቤ የቆሙት አሮጊት ዘወር ብለው አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ ወንድ ምን በደለህ?» አሉኝ። አርባው ቀን ያለፈ ዕለት ማዶ ስም ወጥቶ ይሆን እያልኩ ከስልኩ አልተነሳሁም።

ከዚያ በኋላ እነዚያ ሁለቱ በየጠዋቱ ሳልጠይቃቸው ይነግሩኛል። አቃቂ «ዛሬ አልዘነበም» ይለኛል፤ ሲዘንብም አልዘነበም ይለኝ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። አዋሽ ከድልድዩ ላይ ውሃውን እያየ «ትንሽ ወርዷል» ይለኛል። አቃቂ አደይ አበባ አየሁ ባለኝ ሰሞን ሹሙ ፊቴን አይቶ ሳልለምነው ፈቃድ ሰጠኝ፤ ከእኔ ጋር መዋል ሰልችቶት ይመስለኛል።

የመስቀል ማግስት ወንዙ ደረቴ ድረስ ነበር። ሰዎች ገመድ ይዘውልኝ፣ ጭቃ እየጠጣሁ ተሻገርኩ። ሽቅብ ወደ አማቴ ቤት ስሮጥ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው አንድም አልጠየቅሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ፈራሁ። አማቴ ደጅ ላይ ጌሾ ያሰጡ ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ውሃው ከልብሴ ይንጠባጠባል።

«አሁን ገና መጣህ?» አሉኝ ተቆጥተው። «ሚስትህ ዓይኗ መንገድ ላይ ቀረ እኮ! አባት ሳይኖር ስም አይወጣም ብላ ቄሱን ሁሉ አስቸገረች። ግባ፣ ልብስህን ቀይር፤ ክርስትናዋ ከነገ ወዲያ ነው።»

«ምን አሉ እማማ?»

«ክርስትናዋ ከነገ ወዲያ ነው አልኩ። ጆሮህ አይሰማም እንዴ?»

ውስጥ ሕፃን አለቀሰች። እንደቆምኩ፣ ውሃው ከላዬ እየፈሰሰ፣ አንድ ጊዜ ደግመው እንዲሉልኝ ለመንኳቸው።