የእናቴ መቀነት

ዛሬ ጠዋት ቆቦ ፍርድ ቤት በር ላይ ሴቶች መቀነታቸውን ፈተው፣ ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ አንዲት ልጅ ከበው ተቀምጠው አየሁ። የደፈራት ሰው ዘመዶች በሽምግልና ስም ክሷን እንድትተው ሊያግባቧት ቢመጡ፣ ሴቶቹ እንዳይደርሱባት አጥረዋት ነው አሉ። ከሴቶቹ መካከል አብሮ አደጌ ሰዓዳ ነበረች፤ ዓይኔ ከፊቷ በፊት በእጇ የያዘችው መቀነት ላይ ዐረፈ።

በስልሳ ስድስቱ ረሃብ ሁለታችንም የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ነበርን። አጎቷ በአንድ ጆንያ ማሽላ ለአንድ ጎልማሳ ዳራት። በሳምንቱ ጀርባዋ በአለንጋ ተተልትሎ እኛ ቤት ሮጣ ገባች፤ ሰውየውም ሽመሉን ይዞ ተከተላት። እናቴ ጎረቤቶቿን ጠርታ መቀነቷን ፈታች፤ እነሱም የየራሳቸውን ፈተው ከእሷ ጋር ቋጠሩና ሰዓዳን ከበው ተቀመጡ። ድሮ ሁለት ጊዜ ይዞራት የነበረው ያን ጊዜ አራት ጊዜ ይዞራት ነበር። ገበያ ስንሄድ ጫፉን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

«ማሽላ ከፍዬባታለሁ» አለ ሰውየው።

የመንደሩ ትልቅ ሴት እማማ ጦይባ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «ማሽላህን አጎቷን ጠይቅ። እሷን ከፈለግህ የእናቶችን መቀነት ተራምደህ ውሰድ» አሉት።

የእናቶችን እርግማን ፈርቶ ተመለሰ።

እናቴ መቀነቱን ሰዓዳ ወገብ ላይ ጠምጥማ አጠገቧ አስተኛቻት። «ለእኔስ?» ብላት፣ «አንቺ እናት አለሽ» አለችኝ።

ክረምቱ ሳይወጣ እናቴ ሞተች። መቀነቱ ሰዓዳ ወገብ ላይ ቀረ።

ዛሬ ቆሜ ሳያት ሰዓዳ ጠጋ አለችልኝ። «ነይ፣ ያዢ» ብላ የእናቴን መቀነት ጫፍ፣ የራሷ እንደሆነ ሁሉ፣ ዘረጋችልኝ።