የካሴቱ ጀርባ

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ትንቢት መናኸሪያው አጠገብ ወደተከፈተ አዲስ ካፌ ወሰደችኝ። ግድግዳው ላይ የድሮ ካሴቶች ተደርድረው ተሰቅለዋል። ወጣቶቹ እየተፈራረቁ ከፊታቸው ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። የአንዱ ካሴት ክር ተጎልጉሎ ወጥቶ እንደ ጌጥ ተንጠልጥሏል። «አያቴ፣ ይሄ እንዴት ነበር የሚሠራው?» አለችኝ። እንደሚሆን አድርጌ አስረዳኋት። በላዩ ሌላ ድምፅ ሲቀዳበት የፊተኛው እንደሚጠፋም ነገርኳት። «ከጠፋ በኋላ መመለስ አይቻልም?» አለች። አይቻልም አልኳት። ያዘዝኩትን ሻይ ሳልጨርሰው ወጣን።

እንደ እኩዮቼ ሁሉ እኔም የዘመኑን ዕቃ አማርራለሁ። ስልኬ ቁልፍ የለውም፤ የምደባብሰው መስታወት ነው። ትናንት የማውቀው ምልክት ዛሬ ቦታውን ለቅቆ አጣዋለሁ። ትንቢት «ራሱን አድሶ ነው» ትለኛለች። ማን አድስ እንዳለው አላውቅም። የአባቴ ቴፕ እንዲህ አልነበረም። ቁልፎቹ የጣት ወርድ ነበራቸው፤ ሲጫኗቸው ቀጭ ብለው ይገባሉ፤ ዓመት ቆይተው ቢመጡም እዚያው ናቸው። ይህን በየደረስኩበት እናገራለሁ። ስለዚያ ቴፕ የማልናገረውን ደግሞ እዚህ ልጻፈው።

ጃንሆይ ከመውረዳቸው ሁለት ሦስት ዓመት በፊት ነው። እኔ ሆሳዕና ስድስተኛ ክፍል እማር ነበር። አባቴ አስተማሪ ነበሩ። ቴፑን ከአዲስ አበባ ይዘውት ሲመጡ ቤታችን ለአንድ ሳምንት አዲስ ቆዳ ሸተተ፤ ማቀፊያው ቆዳ ነበር። ስድስት ባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። ድንጋይ ውድ ስለነበር ካሴቱን ወደ ኋላ የምንመልሰው በቴፑ ሳይሆን በእስክሪብቶ እያዞርን ነው። የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል።

ከእንሰቱ ባሻገር ያሉት ጎረቤታችን እማማ ኤርጎጌ ይባሉ ነበር። ባል የሞተባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ኤርሲዶ እንደ ብዙ የአገራችን ጎረምሳ ወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ ሄዷል። ደብዳቤ ሲመጣላቸው የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሀዲይኛ ስለማይጻፍ ደብዳቤው በአማርኛ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አማርኛ አይሰሙም። ኤርሲዶ በሀዲይኛ ያሰበውን አንድ ጸሐፊ በአማርኛ ይጽፋል፤ እኔ መልሼ በሀዲይኛ እነግራቸዋለሁ። «ለውድ እናቴ፣ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬ ይድረስሽ» የሚለውን ስተረጉምላቸው ፊታቸውን ያጨፈግጉ ነበር። «ይሄ የእኔ ልጅ አፍ አይደለም» ይላሉ። «የእኔ ልጅ ገና ከበር 'አማ፣ ምን አለ የሚበላ?' ነው የሚለው።»

አንድ ቀን ከወንጂ የተመለሰ ሰው በመሐረብ የተጠቀለለ ካሴት አመጣላቸው። ኤርሲዶ እዚያ ቴፕ ያለው ጓደኛ አግኝቶ፣ ለእናቱ በገዛ ቋንቋው ተናግሮበታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢያችን ውስጥ ተሰበሰብን። አባቴ ቁልፉን ተጫኑ። «አማ» አለ ካሴቱ።

እማማ ኤርጎጌ «ወዬ» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ኤርሲዶ «ላሟ ወለደች ወይ?» ሲል እሳቸው መልስ ይጀምራሉ፤ እሱ ግን አይጠብቅም፤ ስለ ጣራው ይጠይቃል። አባቴ ይህን ሲያዩ ቴፑን አቆሙት። «ይጨርሱለት» አሉ። ከዚያ በኋላ ኤርሲዶ አንድ ነገር በጠየቀ ቁጥር አባቴ ያቆማሉ፤ እማማ ኤርጎጌ ላሟ ጥጃ መውለዷን፣ ጣራው በአጎቱ እጅ መታደሱን፣ እግራቸውን እንደተሻላቸው በዝርዝር ይመልሳሉ። አባቴ እንደገና ይጫናሉ። ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ መጣ። «አማ፣ የምጠይቅሽ አንድ ትልቅ ነገር አለ» ሲል እንደ ሽማግሌ ሆኖ ነበር። ድንጋዩ አለቀ።

አባቴ ለሥራ ወደ ዱራሜ ሊሄዱ ነበር። «ቅዳሜ አዲስ ድንጋይ ይዤ እመለሳለሁ፤ ያኔ እንጨርሰዋለን» አሉ። እማማ ኤርጎጌ ያን ሳምንት እንደ ልጅ ነበሩ። ውኃ ስንቀዳ ያገኙኝና «ምን ሊጠይቀኝ ይመስልሻል? ሊያገባ ይሆን?» ይሉኛል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሙኒራ እኛ ቤት መጣች። ሙኒራ የባለሱቁ ልጅና የክፍሌ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ጉራጌ ናቸው፤ ሀዲይኛ ግን ገበያ ላይ አድጋ ከእኔ እኩል ትናገራለች። ለወላጆች ቀን የምንዘምረውን መዝሙር እየተለማመድን ነበር።

«ያንቺ ድምፅ ከዚህ ሳጥን ቢወጣ ዶሮዎቻችሁ ጥለዋችሁ ይሄዳሉ» አለችኝ።

«የአንቺን ከሰሙ ደግሞ እንቁላል ይተዋሉ» አልኳት።

የደከሙትን የባትሪ ድንጋዮች አጥሩ ላይ አስጥቼ ሲሞቁ መልሼ ከተትኳቸው። ካሴቱን ለመንካት አልደፈርኩም አልልም፤ ግን በልጅ አእምሮዬ ተጠንቅቄ ነበር። ኤርሲዶ የሚናገረው በፊተኛው ወገን ነው፤ ስሙ የተጻፈው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ጀርባው ባዶ መሰለኝ። ገለበጥኩትና ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ከማጫወቻው ጋር አንድ ላይ ተጫንኩ። ዘመርን፤ ተሳሳቅን፤ ሙኒራ የዳይሬክተራችንን አነጋገር አስመሰለች። ከዚያ መልሰን ሰማነው። ሳቃችን አለቀና ቀጭ አለ። ወዲያው የኤርሲዶ ድምፅ መጣ።

«...እንግዲህ አማ፣ ነገሩ ይሄ ነው። አንቺ እሺ ካላልሽኝ አላደርገውም። ቃልሽን እጠብቃለሁ። ደህና ሁኚ።»

ጥያቄው የነበረው እኛ የዘመርንበት ላይ ነው።

ሙኒራ «ለአባትሽ ንገሪያቸው» አለች። «እንደተመለሱ ንገሪያቸው፤ ልጁ እየጠበቀ ነው።»

«አባባን አታውቂያቸውም» አልኳት። ታውቃቸዋለች፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። የፈራሁት ዱላ አይደለም። ከልጆቻቸው ሁሉ ቴፑን መንካት የሚፈቀደው ለእኔ ብቻ ነበር፤ ያንን እንዳላጣ ነው የፈራሁት። ካሴቱን በእስክሪብቶ መለስኩና ቀዩን ቁልፍ እንደገና ተጫንኩ። የኤርሲዶ መጨረሻ ቃል ከቀረ ከእሱ በፊት የነበረው መደምሰሱ ይታወቃል፤ ስለዚህ ከመዝሙራችን ጋር እሱንም አጠፋሁት። ሁለታችን ቴፑ ፊት ቁጭ ብለን፣ አፋችንን በእጃችን ይዘን፣ ዝምታ ቀዳን። መሀል ላይ ዶሯችን ጮኸ። ሙኒራን «ወላሂ ለማንም አልናገርም በይ» አልኳት። «ላንቺ ስል ነው» አለችና ማለች። ከዚያ በኋላ ቤታችን ብዙ አልመጣችም።

ቅዳሜ አባቴ አዲስ ድንጋይ ከተቱ። ኤርሲዶ «የምጠይቅሽ አንድ ትልቅ ነገር አለ» አለና፣ «ይሄኛው ወገን ሊያልቅ ነው፤ ገልብጡት፣ ከጀርባው እነግርሻለሁ» አለ። ገለበጡት። ሽ... የሚል ብቻ ነው። እማማ ኤርጎጌ ወደ ቴፑ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ዶሮ ሲጮህ ቀና አሉ።

«ወንጂም ዶሮ አለ» አሉ።

እስከ መጨረሻው አዳመጡት። አባቴ «መቅጃው ተበላሽቶባቸው ይሆናል፤ ደብዳቤ እንጻፍና እንጠይቀው» አሉ።

«አይሆንም» አሉ እማማ ኤርጎጌ። «አልተበላሸም፤ ዶሮውን ሰምተነው የለ? ልጄ ሊነግረኝ ብሎ ፈርቶ ዝም አለ። እናቱን የሚፈራ ልጅ ነው ያሳደግሁት ማለት ነው። አልጎትተውም። ሲደፍር ይንገረኝ።»

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። እግሬ ሥር ያለውን አፈር አየሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣላቸው። እንደተለመደው እኔ አነበብኩ። ሰላምታውን፣ የዝናቡን ነገር፣ የላከላቸውን ነጠላ ነገርኳቸው። ከታች አንዲት መስመር ነበረች፤ «ስለዚያ ጉዳይ ዝም ማለትሽ ገብቶኛል፤ ትቼዋለሁ፤ አትዘኚብኝ» ትላለች። ያቺን መስመር ዘለልኳት። ጥያቄውን ያጠፋሁት ሳላውቅ ነው ብዬ ለራሴ ልናገር እችላለሁ። ለዚህች ግን የምለው የለኝም። አማርኛ አያነቡም፤ እንደ ሁልጊዜው ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

ዘመን ተለወጠ። ኤርሲዶ ተመለሰ፤ ሾኔ ከተማ አገባ፤ ወለደ። እማማ ኤርጎጌ ሲሞቱ እኔ ባለትዳር ነበርኩ። ለቅሶው ላይ ኤርሲዶ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ወንጂ ሲያወራ፣ አባቷ ከዳምቦያ የሄዱ አንዲት የከምባታ ልጅ ወድዶ እንደነበር ነገረኝ። «እናቴን በካሴት ፈቃድ ጠይቄ ነበር» አለ ፈገግ ብሎ። «ዝም አለችኝ። አልወደደችውም ብዬ ልጅቱን ተውኳት። አማ እስክትሞት አንድ ቀን አላነሳችብኝም።» ለእጁ መታጠቢያ ውኃ አፈሰስኩለት። እናቱ እሱ ፈራ ብለው ሞቱ፤ እሱ እናቴ ከለከለችኝ ብሎ ኖረ። ሁለቱም ሌላው ዝም አለ ብለው ያመኑት የእኔን ዝምታ ነው።

ከካፌው በተመለስን ማግስት ትንቢትን በስልኬ የድምፅ መልእክት እንዴት እንደሚላክ አሳይኝ አልኳት። ምልክቱን ተጭኖ መናገር ነው፤ ጣት ሲነሳ ይሄዳል። ይህም ያናድደኛል፤ ሰው የተናገረውን አንዴ እንኳ ሳያዳምጠው ይነጠቃል። ትንቢት ከወጣች በኋላ ለኤርሲዶ በሀዲይኛ ሁሉንም ተናገርኩ። መዝሙሩን፣ ቀዩን ቁልፍ፣ የዘለልኳትን መስመር። ጣቴ ደከመና ተነሳ። ሄደ።

መልሱ በነጋታው መጣ፤ በጽሑፍ አይደለም፣ በድምፅ ነው። የድሮው ካሴት ምን እንደያዘ ሳይናገር ይዞር ነበር። ይሄኛው ገና ሳይከፈት ልኩን ይናገራል፤ አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ይላል። ትንቢት እንደነገረችኝ ደግሞ፣ አለመስማቴን ኤርሲዶም በራሱ ስልክ ላይ ያየዋል። የአባቴ ቴፕ ያደረግሁትን ሃምሳ ዓመት ሸሽጎልኛል፤ ያን ያህል የማወድሰውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ስልኩን ቁምሳጥኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ኤርሲዶ ሾኔ ተቀምጦ ይጠብቃል።