የጅምሩ ቤት ትያትር

ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር፣ ሰበታ ተከራይተን የኖርንበት ግቢና በውስጡ ተገትሮ የነበረው ጅምር ቤት ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ። አባቴ የአዲስ አበባ ኪራይ አልቀመስ ብሎት፣ እናቴንና እኔን ከነዕቃችን በአንድ አይሱዙ ጭኖ ሲያመጣን፣ አከራያችን ኦቦ ዲንቃ ለልጃቸው የጀመሩት ቤት ጣሪያው ተመትቶ፣ በርና መስኮት ሳይገባለት ቆሞ ነበር። እኔም ባዶውን መስኮት ገና ሳየው መድረኬ አደረግሁት።

በበጋ ሥራዬ ትያትር ብቻ ነበር። የሰፈሩን ልጆች ብሎኬት ላይ አስቀምጬ፣ መስኮቱ ላይ ወጥቼ አንዴ ንጉሥ፣ አንዴ «ዓለም ገና! ተፍኪ!» እያልኩ የምጣራ የታክሲ ረዳት እሆን ነበር። እናቴ ልብስ እያሰጣች በጎን ታየኝና፣ «ይቺ ልጅ አፏ ሥራ አይፈታም» እያለች ትስቅ ነበር።

ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ድምፄን ነጠቀኝ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ብጮህ የሚሰማኝ ጠፋ፤ ልጆቹም እየሳቁ ሊበተኑ ተነሡ። እልኸኛ ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ፤ ከምድጃ የከሰል ስባሪ አምጥቼ፣ በሲሚንቶ በተለሰነው ግድግዳ ላይ የትያትሩን ቀሪ እየሣልኩ አሳየኋቸው፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ይመሻሽና፣ መብራት በሌለው ቤት ሥዕሉ አይታይም ነበር፤ ያን ጊዜ የዘይት ጀሪካን ደፍቼ እየመታሁ፣ የቀረውን በዜማ እጨርሰው ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ከሥራ ሲመለስ ግድግዳውን አየው። አባቴ አከራይ አጥብቆ የሚፈራ ሰው ነበር፤ ሚስማር ሲመታ እንኳ ድምፁ እንዳይሰማ በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር የሚመታው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከዚህ ካስወጡን የት ልንገባ ነው?» አለኝ። «ደግሞስ አንቺ ተዋናይ ነሽ፣ ሠዓሊ ነሽ ወይስ ዘፋኝ? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም! ለመስቀል አንዱን መርጠሽ ታሳዪኛለሽ፤ አለዚያ ሦስቱንም ትተያለሽ።»

ክረምቱን ሙሉ ተብሰለሰልኩ። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ አለፈ፣ ድምፄም ተመለሰልኝ፤ ስለዚህ ትያትሩን ይዤ ሌላውን መተው ቀላል ነበር። አባቴም ይህንኑ ጠብቆ ነበር። እኔ ግን ችግር ያስተማረኝን ችግሩ ስላለፈ ብቻ የምጥልበት ምክንያት አልታየኝም፤ ተናደድኩ፣ የምር ተናደድኩ።

በመስቀል ዋዜማ አባቴ ስለ ግድግዳው ይቅርታ ሊጠይቅ ኦቦ ዲንቃን ይዞ መጣ፤ ሁለቱም ብሎኬት ላይ ተቀመጡ። እኔ መስኮቱ ላይ ወጥቼ አንድ ተከራይ ሆኜ ተጫወትኩ፤ ሚስማር በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በር በሩን እያየሁ፣ ቀስ ብዬ መታሁ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። አባቴ ትያትሩን የመረጥኩ መስሎት በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ የምጫወተው ሰው ማን እንደሆነ ሲገባው ግን አንገቱን ደፋ። ወርጄ የከሰል ስባሪዬን አነሣሁና፣ ያ ተከራይ የሚመኘውን ቤት ግድግዳው ላይ ሣልኩለት፤ ጀሪካኔን ደፍቼ ደግሞ፣ በገዛ ቤቱ እንደ ልቡ ሚስማር የሚመታበትን ቀን ዘፈንኩለት። ስጨርስ፣ «አባዬ፣ የቱን ልተው?» አልኩት።

ኦቦ ዲንቃ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ «ያ ኢንተላ፣ በዬ ጋሪዳ! አንቺ ልጅ፣ በጣም ጥሩ ነው!» አሉኝና ወደ አባቴ ዞሩ። «ኦቦ ታደሰ፣ ሚስማር መታህ ብዬ ላስወጣህ ኖሯል?»

«ኧረ እርስዎን ፈርቼ አይደለም...» ብሎ አባቴ ጀመረና ተወው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ማታ ስለ ምርጫው አላነሣም፤ በማግስቱም አላነሣም።

ዛሬ ትያትር እሠራለሁ፣ እዘፍናለሁ፣ ሥዕሌንም ለሕዝብ አሳያለሁ። «በዋናነት ግን ምንድን ነሽ?» የሚሉኝ አሁንም አልጠፉም፤ እኔም ያኔ ያልመረጥኩትን ዛሬ አልመርጥም። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ቡራዩ በሠራው ቤት በረንዳ ላይ ይውላል። ያኔ አንዱን ካልመረጥሽ ብሎ ያስጨነቀኝ ሰው፣ አሁን እንግዳ መጥቶ «ልጅህ ምንድን ነው የምትሠራው?» ሲለው፣ ወንበር ይስብለታል።

«ቁጭ በል» ይለዋል፤ «የእኔ ልጅ በአንድ ቃል አታልቅም።»