የዋርዳችን ምስጉን ነርስ

ነርስ ነኝ፤ ያውም ሥነ ምግባር ያላት። ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ፒያሳ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ሠልጥኛለሁ። እንደተመለስኩ «ርኅራኄ፣ አክብሮት፣ ትጋት» የሚል ጽሑፍ በትልልቁ አሳትሜ በዋርዳችን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። በየጠዋቱ አቧራውን እጠርጋለሁ፤ ጥጉ ከተላቀቀም በፕላስተር እይዘዋለሁ። በሽተኞቹንማ ከወጋሁና ኪኒን ካደልኩ ወዲያ ምን ላድርጋቸው? አስታማሚ አላቸው።

ባለፈው ሰሞን ምስጉን ነርስ የሚመርጡ ገምጋሚዎች መጡ። ጋዋኔን ተኩሼ ጽሑፌ ሥር ቆምኩ፤ ፎቶ ከተነሳንም አብረን እንድንወጣ።

«እዚህ ዋርድ ከሁሉም በላይ የሚንከባከባችሁ ማን ነው?» ብለው በሽተኞቹን ጠየቁ።

«አያ ደሴ!» አሉ በአንድ አፍ።

አያ ደሴ ሚስታቸውን ለማስታመም ከጃናሞራ የመጡ ገበሬ ናቸው። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ የማያውቁትን ሽማግሌ ቀስ አድርገው ያገላብጡ ነበር። ለካ ሚስታቸውን አብልተው ሲጨርሱ፣ ጠያቂ የሌለውን ሁሉ በየተራ ያጥባሉ፣ ያጎርሳሉ።

አንዷ ገምጋሚ ግራ ገባት። እኔን አይታ አዘነች መሰለኝ፣ «አያ፣ ይችን ሲስተርስ አያውቋትም?» አለቻቸው።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው በራ።

«አውቃታለሁ እንጅ! ሸጋ ልጅ ናት» አሉ። «ግድግዳውን የምታስታምመው እሷ ናት።»