የሐኪሙ ባትሪና የእናቴ ቅቤ

ቂም ያዥ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ያልሠራሁትን ጥፋት ለጥፎብኝ ከክፍል ያስወጣኝ መምህር የዚያን ቀን የለበሰው ሹራብ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ዛሬም እነግራችኋለሁ። ስለዚህ አንድ የቆዳ ሐኪም እናቴን ሰው ፊት ሲያዋርዳት፣ ነገሩ በዚያ እንደማያበቃ እኔ አውቄዋለሁ። እሱ ግን አላወቀም።

ቡታጅራ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሐኪሙ ኑሮው ወልቂጤ ነው፤ እኛ ጋ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ከስሙ ይልቅ የሚታወቀው በአንዲት ዕቃው ነው፤ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ መብራት ያላት፣ ቆዳ ላይ ተለጥፋ ውስጡን አጉልታ የምታሳይ መነጽር። የሙያ ስሟ ደርማቶስኮፕ ነው። ታካሚው ሁሉ ግን «ባትሪዋ» ነው የሚላት። ባትሪዋ ያላረፈችበት ሰው እንዳልታከመ ቆጥሮ ተቀይሞ ይሄዳል።

ሐኪሙ ከውጭ አገር በዘመድ ያስመጣት ስለሆነች እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል። አንድ ጊዜ የጽዳት ሠራተኛችን በአልኮል ልትጠርጋት ስትል ክሊኒኩ እስኪሰማ ጮኸባት፤ አልኮል መስታወቷን ይበላዋል ባይ ነው። እሱ የሚጠርጋት በአንዲት ሰማያዊ የመነጽር ጨርቅ ነው። የአንዱ አንገት ላይ ካሳረፋት በኋላ በጨርቋ፣ የሌላው ብብት ሥር ካሳረፋት በኋላ በዚያችው ጨርቅ፣ ከዚያ ሁለቱም አብረው ወደ ጋውኑ ኪስ። ጨርቋ ስትታጠብ አላየሁም። ሁላችንም እናየው ነበር፣ እኔም ጭምር። ውድ ዕቃ ስለሆነች የምትቆሽሽ አልመሰለንም።

እናቴ የምትኖረው እንሴኖ ነው። ግራ ክንዷ ላይ ያለች ጥቁር ነጠብጣብ ማደግ ጀመረች፤ እያሳከከቻት ስታክ ቆዳዋ ተላጠ። ካንሰር እንዳይሆን ፈርቼ «ሐሙስ ነይ» ያልኳት እኔው ነኝ። ከጎረቤታችን ጋር መጣች። ጎረቤታችን የዊጆው ኃላፊ ናት። ዊጆ የሰፈሩ ሴቶች በየሳምንቱ ቅቤ እያዋጡ የተሰበሰበውን በየተራ የሚወስዱበት ማኅበር ነው። ኃላፊዋ የማንንም ቅቤ፣ የገዛ እህቷንም ቢሆን፣ ዕቃውን ከፍታ ሳታሸትና ጣቷን በአፉ ዙሪያ ሳታዞር አትቀበልም። ጣቷ ላይ ቆሻሻ ከወጣ «አጥበሽ አምጪ» ትላለች። በዚህ ተከራክሯት የረታ ሰው የለም።

ሐኪሙ ባትሪዋን የተላጠው ቦታ ላይ ጫን አደረጋትና «ተራ ነጠብጣብ ነው፣ አይዞሽ» አላት። ደስ ብሎን ሁለቱንም ምሳ ጋበዝኳቸው። በሦስተኛው ቀን ክንዷ አበጠ፤ በአምስተኛው መግል ያዘ። በሚቀጥለው ሐሙስ ስትመለስ ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሳ አየት አደረገው።

«እናንተ ሰዎች እኮ ንጽሕና የሚባል ነገር አታውቁም» አለ። «እንሰት ስትፍቁ ትውላላችሁ፣ በዚያው እጃችሁ ቅቤ ትነካካላችሁ፣ በዚያው እጃችሁ ቁስል ታካላችሁ። ከዚያ ሐኪም ጋ ትሮጣላችሁ። መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ።»

እናቴ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት እጇንና ፊቷን ታጥባ ውዱእ የምታደርግ ሴት ናት። «እሺ ዶክተር» ብቻ አለች። ጎረቤታችን አጠገቧ ቆማለች። እኔ የምርመራ ወረቀት ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ምላሴን ነክሼ ዝም ያልኩት ፈርቼው አይደለም፤ በባዶ እጄ ልገጥመው ስላልፈለግኩ ነው። እናቴ ከመሄዷ በፊት ከቁስሏ ላይ በጥጥ መግል ወሰድኩ። እኛ ላብራቶሪ ባክቴሪያ ማብቀያ ስለሌለው፣ ጉብሬ ሆስፒታል ላብራቶሪ ለምትሠራ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ በሚኒባስ ላኩላት፤ የበቀለው ስታፍ የሚባል ባክቴሪያ ነው አለችኝ።

ቁስሉ በመድኃኒት በሁለት ሳምንት ደረቀ። ቅቤዋን ግን የሚቀበላት ጠፋ። ኃላፊዋ የእናቴን ዕቃ ሳትከፍተው መለሰችላት። «ሐኪሙ ያለውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አትቀየሚኝ፣ ሴቶቹ ይጸየፋሉ» አለቻት። እናቴ ዳግመኛም ወሰደች፣ ኃላፊዋ ዳግመኛም መለሰችላት። ከዚያ በኋላ እናቴ የዊጆ ቀን ሲደርስ በሯን ዘግታ መዋል ጀመረች።

«ካገባሁ ጀምሮ ቅቤዬን የመለሰ ሰው አልነበረም» አለችኝ በስልክ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ሐኪሙ ጠዋት ጋውኑን ወንበር ላይ ጥሎ ማኪያቶ ሊጠጣ ሲወጣ ገባሁ። ባትሪዋን ከኪሱ አወጣሁ፤ አንዱን ጥጥ በመስታወቷ ዙሪያ አዞርኩ፣ ሌላውን ጨርቋ ላይ አሸሁ። ስወጣ ኮሪደሩ ሞልቷል። አንዲት ሴት ጭንቅላቱን ጭርት የወረሰው ሕፃን ታቅፋ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ቆም አልኩ። አንድ ቃል ብተነፍስ ግን ሐኪሙ ይነቃል፤ ከነቃ ባትሪዋን አጥቦ፣ ጨርቋን ጥሎ ከእጄ ያመልጣል። አልፌያት ሄድኩና ጥጦቹን ለሚኒባሱ ረዳት ሰጠሁ።

ውጤቱ በሳምንቱ መሃል በስልኬ ገባ፤ ባክቴሪያ የሚበቅልባቸው ሳህኖች በቢጫ ነጠብጣብ ተሸፍነዋል። ፎቶውን ስንት ጊዜ ከፍቼ እንዳየሁት አልነግራችሁም። ሰው የልጁን ፎቶ እንደዚያ አያይም።

ሐሙስ ከምሳ በፊት የመጨረሻው ታካሚ እንደወጣ ገባሁና ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ስታፍ ነው፣ ዶክተር። ይሄ ከባትሪዎ፣ ይሄ ከጨርቅዎ፣ ይሄኛው ደግሞ ከእናቴ ቁስል። የሚገድላቸው መድኃኒትም አንድ ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ብቻውን የእናቴን ክንድ ያቆሰለችው ባትሪዋ ናት ብሎ አያስምልም። ስታፍ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይም ይኖራል፤ ከራሷ ቆዳ ተነስቶም ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ይከራከረኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሌላ ማን አየው?» አለኝ።

ስለ ታካሚዎቹ አልጠየቀም። ቀርታኝ የነበረችውን ትንሽ ርኅራኄ ያጠፋት ይህ ጥያቄ ነው።

«እስካሁን እኔና ጓደኛዬ ብቻ። አሁን ግን ወይ የክሊኒኩ ባለቤት ያየዋል፣ ወይ ባትሪዎን ይዘው ከእኔ ጋር እንሴኖ ይሄዳሉ። ዛሬ ከሰዓት ዊጆ አለ። ሰው ፊት ነው ያዋረዷት፤ ሰው ፊት ክብሯን ይመልሱላታል።»

«እያስፈራራሽኝ ነው?»

«አዎ» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚህ የጣፈጠኝ ቃል የለም።

ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሴኖ ደረስን። እናቴን ከተዘጋው ቤቷ ቅቤዋን አስይዤ አወጣኋት። ሴቶቹ ኃላፊዋ ቤት ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሐኪሙ በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ «አሰላሙ አለይኩም» አለ፤ መለሱለት። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር፤ ይህንንም ልብ ብዬ አይቼ ደስ አለኝ።

«ያን ቀን የተናገርኩት ልክ አልነበረም» አለ። «ጥፋቱ ከእኔ ዕቃ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል?» አልኩ። ከዚያ አላስጨረስኩትም። ጨርቋን፣ ኪሱን፣ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት የወሰድኩትን ጥጥ፣ የበቀለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ስልኬን ከእጅ ወደ እጅ አዞርኩት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

ኃላፊዋ እጇን ዘረጋች። «እስቲ ዕቃህን አምጣው» አለችው።

ባትሪዋን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። አፍንጫዋ ጋ አስጠግታ አሸተተቻት። የአውራ ጣቷን ጥፍር በመስታወቷ ዙሪያ አዞረች። ጥፍሯ ሥር ጥቁር እድፍ ወጣ። ጣቷን አንስታ ለሴቶቹ ሁሉ አሳየች፤ አንዷ «ወላሂ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ባትሪዋን መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠች።

«ይህን አንቀበልም» አለችው። «አጥበህ አምጣ።»

«እሺ እናቴ» አለ። እናቴ ያን ቀን «እሺ ዶክተር» ባለችበት ድምፅ።

ኃላፊዋ ወደ እናቴ ዞረች። ዕቃዋን ተቀበለቻት፣ ሳትከፍተውና ሳታሸተው ከሌሎቹ ጋር አኖረችው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሐኪሙ ተሰናብቶ ብቻውን ወደ መንገድ ሲወጣ ጀርባውን እስኪሰወር ድረስ አየሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ደስ ብሏት ታወራኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ደጃፉ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ጥጥሽን የወሰድሽው ጠዋት ነው ያልሽው?»

«አዎ እማዬ።»

«ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ጋ ሰው ገባ?»

ሕፃኑን የታቀፈችው ሴት ትዝ አለችኝ። «ኮሪደሩ ሞልቶ ነበር» አልኩ። «ግን ገና ውጤቱ አልመጣም ነበር። በእርግጠኝነት አላወቅኩም።»

«ጠርጥረሽ ነበር።»

ክንዷ ላይ የቀረውን ጠባሳ ዳሰሰችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ኃላፊዋ ያንቺንም እጅ ማሽተት ነበረባት» አለችኝ፤ በሩን ከፍታ ገባች።