ዞን ፌርሜ

ከጓሳ አፋፍ ወደ ቆላ የወረድኩበት ሌሊት ጭጋጉ መዳፍ አያሳይም ነበር። እናቴ በሶ ቋጥራ፣ የአባቴን የበግ ጠጉር ባና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና «እሳቸው አይበርዳቸውም፤ እስር ቤት ሰው በሰው ላይ ነው የሚተኛው» ብላ ፊቷን አዞረች።

አባቴ የጓሳ ጥበቃ አለቃ ነበሩ። ለማታውቁት፣ ጓሳ ከመሐል ሜዳ ወዲያ ያለ ሰፊ የሣር ምድር ነው። ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆያል፤ ሁሉም ደብር በተራ ይጠብቀዋል፤ ማጭድ ላስገባበት ወዮለት። ደርግ ሲመጣ ካድሬዎቹ «ክልክል የፊውዳል ነው» ብለው ከፈቱት። አባቴ «ከብቱ ነገ ምን ሊበላ ነው?» ብለው ጠየቁ። ታሰሩ። ቀጥሎ የእኔ ስም ተጠራ።

ጅቡቲ እንዴት እንደደረስኩ አልነግራችሁም፤ የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበት አያምነኝም። ከዚያ መርከብ ላይ ሳህን እያጠብኩ ሬዩኒዮን የምትባል የፈረንሳይ ደሴት ገባሁ። ሙቀቷ ለደገኛ አይሆንም። ሰዉ ደግሞ «ብላ በሞቴ» አያውቅም፤ አንዴ «አይ» ካልክ ሳህኑን ያነሳዋል! ስንቱን ቀን በይሉኝታ ጦሜን አደርኩ።

ሥራ ያገኘሁት ወደ ደቡብ፣ ወደ በረዶው ባሕር በሚሄድ የዓሣ መርከብ ላይ ነው። እዚያ ሰው የሚባል አይኖርም። ነፋሱ ግን ያገሬ ነው፤ የጓሳን ነፋስ ጨው ጨምራችሁ አስቡት። ካፒቴኑ ካርታ ላይ በቀይ የተከበበ ሰፊ ውሃ አሳየንና «ዞን ፌርሜ» አለ። እኔ ፊርማ ያለ መሰለኝ፤ ፈርመው የሚገቡበት። አብሮኝ የሚሠራው የወሎ ሰው ሳቀብኝ።

«ዝግ ማለቱ ነው። ዓሣው እንቁላል የሚጥልበት ስለሆነ መረብ አይገባም።»

«ክልክል ነዋ!» አልኩ፤ እንባዬ መጣ። «ማነው የሚጠብቀው?»

«አንዲት የመንግሥት መርከብ።»

ሸዋን የሚያክል ውሃ ለአንድ ጠባቂ! ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል አልኩ በሆዴ።

ተቆረጠም። አንድ ማለዳ ጭጋግ ሲወርድ ካፒቴኑ ክልክሉ ውስጥ ገብቶ መረብ ጣለ። የወጣው ዓሣ ሆዱ በእንቁላል ተነፍቷል። እኛ ዘንድ ያረገዘች በግ ማን ያርዳል? ቢላዬን አስቀመጥኩ። የወሎው ሰው አይቶኝ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» አለኝ። ምን ላድርግ፣ አፌ የአባቴ ነው።

ወደብ ስንመለስ የወደቡ አስተዳደር ቢሮ ሄጄ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ለሹሙ ነገርኩት።

«ፓፒዬህስ?» አለኝ።

«ወረቀቴ ካፒቴኑ ዘንድ ነው።»

«ወረቀት የሌለው አይመሰክርም። ሄደህ አምጣ።»

«ልከሰው እኮ ነው የመጣሁት!»

«እንግዲያ በትሕትና ጠይቀው።»

ያገሬ ካድሬ ቢያንስ ይጮኽብሃል፤ ይኼኛው ወንበር ስቦልህ ነው የሚቀብርህ። አልወጣም ብዬ ስቀመጥበት ጊዜ ቃሌን ጽፎ አስፈረመኝ። ለፌርሜው ፊርማዬን ሰጠሁ።

ካፒቴኑ መክሰሴን ሰምቶ አባረረኝ። ሥራ የሌለው መኖሪያ አይሰጠውም ተባልኩ፤ ደሴቲቱን ለቀህ ወዳገርህ ተመለስ የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። በመጨረሻ ወረቀት አገኘሁ ማለት ነው! አገሬ ስገባ ማን እንደሚቀበለኝ እናንተ ታውቃላችሁ። መሄጃ የለኝም። የካፒቴኑ መርከብ ግን ወደ በረዶው ባሕር ተመልሳለች።

አባቴ መፈታታቸውን ሰምቼ መሐል ሜዳ ስልክ ቤት አስጠራኋቸው።

«አባባ፣ እንደምን ከረሙ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ድምጥህ ራቀብኝ። ብርዱስ?»

«ባናዎ አለልኝ።»

ማን እንደሚያዳምጠን አላውቅም፤ በዘወርዋራ ተናገርኩ። «እዚህም ክልክል አለ አባባ፤ የባሕር። ማጭድ ያስገባበት ሰው አየሁ።»

ሳሉ። ድሮ ይህ ሳል አልነበረባቸውም።

«አይተህ ዝም አልክ?»

«አላልኩም።»

ሌባው ምን ተደረገ ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«አንተን ምን አደረጉህ?» አሉኝ።

ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው። አውጥቼ ዘረጋሁት።

«ሃሎ!» አሉ አባቴ። «ሃሎ… ልጄ፣ ምን አደረጉህ?»