ዘበኛ ያለው ዌብሳይት

ያ ፎቶ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ያንገሸግሸኛል። ሰማያዊ ሱፍ፣ ቀይ ክራቫት፣ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ የተቀመጠ ሰውዬ። ደንበኛዬ ነበር፤ እዚሁ ሰቆጣ የአንድ ትንሽ ማሠልጠኛ ኃላፊ።

እኔ አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፍቼ ዌብሳይት እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ። ማሠልጠኛው የሶላር ጥገና ሊያስተምር ነው ተባለና ምዝገባውን በስልክ እንዳደርግላቸው ጠሩኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የፃግብጂና የደሃና ወረዳ ልጆች ለአንድ ወረቀት ብለው ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ከሚመጡ ባሉበት ሆነው ይመዘገባሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ቤት የተቀመጠ ልጅ ደጁ ላይ የሚጠብቀው ደላላ ነው፤ መንገዱም ወደ ዓረብ አገር ነው። ይኼ ሥልጠና ለብዙዎቹ አገር ውስጥ መቅሪያ ነበር። ምዝገባው ደግሞ ለአንድ ሳምንት ብቻ።

ስለዚህ አንድ ገጽ ሠራሁ። ስም፣ ወረዳ፣ ስልክ፣ ላክ። አለቀ!

ኃላፊው አየና ፊቱን አጨማደደ።

«ይኼ ምንድን ነው? ሰው ከመንገድ ዘሎ ቢሮዬ ይገባል እንዴ?»

«ቢሮ እኮ አይደለም ጌታዬ፣ ፎርም ነው» አልኩ።

«አይሆንም! እኔ ጋ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ዘበኛው ጋ ይቆማል፣ ከዚያ ጸሐፊዋ ጋ ይቀመጣል፣ ከዚያ እኔን ያገኛል። ዌብሳይቱም እንደዚያው ይሁን።»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

እናላችሁ እንደዚያው ሆነ። መጀመሪያ የግቢው በርና ዘበኛው፤ «ይግቡ» የሚለውን ሲነኩ ጸሐፊዋ ጠረጴዛዋ ላይ ሆና «እንኳን ደህና መጡ» የምትልበት ገጽ፤ ቀጥሎ የሰውዬው ፎቶና ረጅም የሰላምታ ደብዳቤው። ፎርሙ ከደብዳቤው ግርጌ ተወሸቀ፤ ፎቶው ተከፍቶ ካላለቀ አይመጣም። ፎቶው አዲስ አበባ ስቱዲዮ የተነሳው ነው፣ የፋይሉ ክብደት ለጉድ። ብቀንሰው «ፊቴን አደበዘዝከው» ብሎ ጮኸብኝ። ደጅ አውጥቼ በስልኬ ዳታ ከፈትኩለት፤ ፎቶው ግንባሩ ላይ ደርሶ ቆመ። «የማይረባው ያንተ ስልክ ነው» አለና ቢሮው ገብቶ በዋይፋይ ከፈተው። «ይኸው፣ ከች አለ!»

የማሠልጠኛው ሠራተኞች ስብሰባ ላይ አቀረበው፣ ሁሉም አጨበጨበ። ከመሃላቸው ገጠር ሆኖ ስልክ የከፈተ ሰው ጠፍቶ ነው? አለ እንጂ! ግማሾቹ ከዚያው ነው የመጡት። ኤጭ! እኔም ታከተኝና እሺ አልኩ። ከሁሉም የሚያስጠላኝ ያ የኔ እሺ ነው።

ምዝገባው በተዘጋ በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ከፃግብጂ ተነስተው ሱቄ ድረስ መጡ። ዌብሳይቱን የሠራው እዚህ ነው ተብለው ነው። ልጃቸው አራት ቀን ሙሉ ኔትወርክ ያለበት ጋራ ላይ እየወጣች ሞክራለች።

«አንድ ትልቅ ሰው ይመጣሉ» አሉኝ። «ግንባራቸው፣ ቅንድባቸው፣ ከዚያ ቀጥ። እንዲህ እንዲህ ስትል ካርዷም አለቀ።»

የምገባበት ጠፋኝ። ተነስቼ ኃላፊው ጋ ወሰድኳቸው። ዘበኛው አስቆመን፣ ጸሐፊዋ አስቀመጠችን። ሲያስገቡን ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም።

«ቀኑ አልፏል። ሥርዓት ሥርዓት ነው።»

ያ ፎቶ ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ልተፋበት ምንም አልቀረኝም፤ ምራቄን ዋጥኩ።

ደጅ እንደወጣን «በሚቀጥለው ዙር ይላኳት አባቴ፣ እኔው ራሴ እመዘግባታለሁ» አልኳቸው።

«እሷማ ትናንት ሄደች ልጄ» አሉ። «ከደላላው ጋር። ከፈቀዱላት ደውዬ ከመንገድ ልመልሳት ብዬ ነው የመጣሁት።»

ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡት፣ አዩትና መልሰው ከተቱት። ከዚያ እኔን ለማጽናናት ነው መሰለኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አንተ ምን ታደርግ፣ እስከዚህም ደክመሃል፣ እግዜር ይስጥህ። ኔትወርኩ ነው አይደል?»

«አዎ አባቴ» አልኳቸው። «ኔትወርኩ ነው።»